የተርቡ ሚዛን

ንጉሥ ታልሞን የሞቱት ግብር ላይ ተቀምጠው ነው። አንዲት ተርብ ከአዳራሹ ጣራ ሥር ስትዞር ቆይታ በዋንጫቸው ከንፈር ላይ አረፈች። አሳላፊው ሊያባርራት እጁን ሲያነሳ ንጉሡ ሳቁ። «ተዋት» አሉ፤ «ተርብ ናት። ምን ታደርጋለች?» ከዚያም ጠጡ። ጥቂት ቆይተው ጉሮሯቸውን ያዙ። መኳንንቱ «ውሃ፣ ውሃ» ሲባባሉ የንጉሡ ፊት እንደ በሰለ በለስ ጠቆረ፤ ጠጁም በነጩ ካባቸው ላይ ፈሰሰ። ምሳ ሲቀርብ ንጉሥ የነበረበት የገርሜላ ዙፋን ምሳው ሲነሳ ባዶ ነበር።

ተርቧ ክፉ ምልክት መሆኗን በዚያን ዕለት ብዙዎች ተናገሩ። ምልክት ብቻ አለመሆኗን የተረዱት ግን አንድ ሰው ነበሩ፤ መዛኙ አባ ኮርሜ።

በገርሜላ ቆዳ መለወጥ፣ ሰው ሆኖ ወጥቶ አውሬ ሆኖ መዋል፣ የተፈቀደ ጥበብ ነው። ያለ ሚዛን ግን አይደለም። በሶሬት ከተማ፣ በቤተ መንግሥቱ አደባባይ፣ ታላቁ ሚዛን ቆሞ ይኖራል። በአንዱ ክንዱ ላይ እማኝ የሚባለው ድንጋይ ይንጠለጠላል፤ የሕፃን ራስ ያክላል፣ ጥቁር ነው፣ ከእጅ ብዛት ለስልሷል። በሌላው ክንዱ ላይ የመዳብ ሳህን አለ። ቆዳውን የለወጠ ሰው ከመውጣቱ በፊት እግሩን ከሳህኑ ላይ ያሳርፋል፤ መዛኙም ጊዜውን ይነግረዋል። ሕጉ ለመያዝ ቀላል ነበር፤ ከባድ ሥጋ አጭር ጊዜ፣ ቀላል ሥጋ ረጅም ጊዜ። ዝሆን የሚሆን ጤዛ እስኪረግፍ፣ ነብር የሚሆን ከንጋት እስከ ምሽት፣ ርግብ የሚሆን ጨረቃ እስክትሞላ። ጊዜውን ያሳለፈ እንደ ወጣ ይቀራል። ትንኝና ተርብ ግን ሳህኑን ስለማይነቀንቁ ሕጉ አላነሳቸውም። ሚዛኑ የማይቆጥራቸውን ሚዛኑ አይዛቸውምና እንዳሻቸው ይወጣሉ፣ እንዳሻቸው ይመለሳሉ። የጥንት መዛኞች ስለ እነሱ ሲጠየቁ «ደግሞ ለተርብ» ብለው ሳቁ ይባላል። ያም ሳቅ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖረ።

ማንም ደግሞ ብቻውን አይወጣም። እያንዳንዱ ቆዳ ለዋጭ አንድ ጠሪ አለው። ጠሪው የወጣውን ሰው ልብስ ለብሶ ይጠብቃል፤ ጊዜው ሲደርስ በጡት ስሙ ይጠራዋል። ድንጋዩ በሚዛኑ ላይ እስካለ ድረስ አውሬው ሽታውንና ድምፁን ተከትሎ ይመጣና ሰው ይሆናል።

ዋሪት የወንድሟ የሉጋን ጠሪ ነበረች። እናትና አባት ስላልነበሯቸው ሌላ የሚጠራው አልነበረውም። ሉጋን የደጋውን በር ከሚጠብቁት አንዱ ነው። ንጉሡ በሞቱበት ዕለት ማለዳ ነብር ሆኖ፣ የጨው ነጋዴዎችን የዘረፉ ሽፍቶችን ፍለጋ ወጥቶ ነበር። ምሽት ላይ ዋሪት የወንድሟን የሱፍ ባና ተከናንባ ከከተማው በር ላይ ቆመችና ጠራችው።

«ድምቡሼ፤ ና፣ ድምቡሼ።»

እናታቸው በሕፃንነቱ ያወጣችለት ስም ነው። ዘበኞቹ እንደ ሁልጊዜው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ነብሩ መጣ። እንደ ልማዱ ራሱን ከጉልበቷ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነና ጠበቀ። ዋሪትም ጠበቀች። ጨለማው ወረደ፤ ከጉልበቷ ላይ ያለው ራስ ግን የነብር ራስ እንደሆነ ቀረ።

ንጉሥ ሲሞት እማኝ ከሚዛኑ ይወርዳል፤ በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሬሳው እግር ሥር ይቀመጣል፤ አዲስ ንጉሥ ሲነግሥ ይሰቀላል። ወጉ ይህ ነው። ንጉሥ ታምሞ የሚሞት ከሆነ የወጡት ሁሉ አስቀድመው ይጠራሉ። ታልሞን ግን የሞቱት በጉርሻና በጉርሻ መካከል ነው። አልቃሾቹ ደረታቸውን ሲደቁ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ ድንጋዩ ከሬሳው እግር ሥር ጠፋ።

ሐዘኑ ሳይወጣ የንጉሡ ታናሽ ወንድም ልዑል ኦርጋዝ ከዋርሳ ረግረግ መልእክተኛ ላከ። መልእክተኛው አደባባይ ላይ ቆሞ ቃሉን አሰማ። «እማኝ በእጄ ነው። ከእንግዲህ በገርሜላ ምድር ወጥቶ የሚመለስ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ የምወጣው ተርብ ሆኜ ነውና። ዙፋኑን አልፈልገውም፤ የወደዳችሁትን አስቀምጡበት። የምትፈሩት ግን እኔን ይሆናል።» ጦር ይዞ የዘመተበት አለቃ በድንኳኑ ውስጥ ምላሱ አብጦ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የኦርጋዝን ስም የሚያነሳ ሰው አስቀድሞ አፉን በእጁ ይሸፍን ጀመር።

አባ ኮርሜ የሚዛኑን ዘንግ ነቅለው በትከሻቸው ላይ ተሸክመው፣ ሳህኑን በጀርባቸው አስረው፣ ዋሪት ደጅ መጡ።

«ልጄ፣ ወንድምሽ አሁንም ሲጠሩት ይመጣል?»

«ይመጣል። ትናንት ግን ደጋግሜ ጠርቼው ነው።»

«ሌሎቹ መምጣት ትተዋል። ሰው እንደነበሩ እየጠፋቸው ነው።» ዘንጉን ከግድግዳው አስደግፈው ተቀመጡ። «ኦርጋዝ ድንጋዩን የደበቀው በዋርሳው ሾላ ላይ ነው። ሰው የማይወጣው ዛፍ ነው፤ ነብር ግን ይወጣዋል። ከወረደልኝ እዚያው እሰቅለዋለሁ። እማኝ ሲሰቀል የሰቀለው ሰው ሕጉን ይናገራል፤ አንዴ ብቻ። የተነገረውም ቀጣዩ ንጉሥ እስኪሞት አይታጠፍም።»

ዋሪት ሌላ አልጠየቀችም። ባናውን ለበሰችና ተነሳች። በከተማው በር ላይ፣ እንደ ዘማች ወግ፣ ሁለቱም ማሉ። አባ ኮርሜ እጃቸውን በዘንጉ ላይ ጭነው «አባቶቼ የሳቁበትን ሳላርም ጥርሴ ለሳቅ አይገለጥ» አሉ። ዋሪትም የባናውን ጫፍ ጨብጣ «ወንድሜን በሁለት እግሩ ሳላቆም ይህ ባና ከትከሻዬ አይውረድ» አለች። ነብሩ ከኋላቸው ተቀምጦ ዝንብ በጆሮው ያባርር ነበር።

መንገዱ ያሳዝን ነበር። በየመንደሩ አጥር ጥግ የማን እንደሆኑ የሚታወቁ እንስሳት ቆመዋል። አንዲት ሚዳቋ ከአንድ ጉድጓድ አጠገብ ቆማ ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ታይ ነበር። ሴቶቹም ወሬያቸውን ዝቅ አድርገው ይቀዳሉ። አንድ ሸማኔ አባ ኮርሜን ከነዘንጋቸው አይቶ ከመቃኑ ሥር ሆኖ ተጣራ።

«አባ፣ ጎጆ ሊሠሩ ነው ወይስ ሊሰቀሉ?»

«የምሰቅለው አለኝ» አሉ አባ ኮርሜ ሳይቆሙ።

«ነብር አስከትለው ማን ይከለክልዎታል» አለ ሸማኔው። ሳቅ ግን አልወጣውም።

በሌላ መንደር ከደጃፋቸው ላይ አጥንት በሳህን ሲያስቀምጡ ያገኟቸው እማማ ጌራ የሚባሉ መበለት ናቸው። ከአጥሩ ማዶ አንድ ጅብ ቆሟል።

«ልጄ ነው» አሉ እማማ ጌራ፤ «በሬ ምንጩ ውስጥ ገብቶ ሞቶብን፣ እሱን ሊያነሳልን ነው ጅብ ሆኖ የወጣው። አሁን ስጠራው አይመጣም፤ ሲርበው ነው የሚመጣ። እኔ ግን ስሙን ሳልጠራ አስቀምጬለት አላውቅም።» ነብሩን አዩ፤ ቀጥለው ባናውን አዩ። «አንቺም ጠሪ ነሽ። ድንጋዩን ካገኛችሁት የእኔን አትርሱብኝ።»

«አንረሳም፣ እማማ» አለች ዋሪት።

በቀትር ከአንድ ግራር ሥር ሲያርፉ ያልጠየቀችውን ጠየቀች።

«አባ፣ የሚናገሩት ሕግ ምን ዓይነት ነው?»

«ሥጋ በሚያደርሰው ጉዳት ይመዘን እላለሁ። ያኔ ተርብ ከዝሆን ይከብዳል።»

«ነብርስ?»

አባ ኮርሜ ቆሎ ዘግነው ቆረጠሙ።

«አባ፣ ነብርስ?»

«አዲስ ሕግ ሲነገር በዚያች ሰዓት በቆዳ ያለ ሁሉ እንደ አዲስ ይመዘናል፤ ያለፈውም ጊዜ ይቆጠርበታል። አለዚያ ኦርጋዝም ያመልጣል። ነብር ገዳይ ነው፣ ልጄ። በአዲሱ ሚዛን ጊዜው ከረፋድ አያልፍም። ወንድምሽ ምን ያህል እንደቆየ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«የድሮው ሕግ ቢነገርስ?»

«በድሮው ሕግ ድንጋዩ በሌለበት ያለፈ ጊዜ አይቆጠርም። ስትጠሪው ሰው ይሆናል።»

ዋሪት ነብሩን አየች። ከጥላው ዳር ተኝቶ መዳፉን ይልሳል። «አንድ ቃል ይጨምሩ» አለች፤ «‹ከሉጋን በቀር› ይበሉ።»

«ለአንድ ሰው የተበሳ ጣራ በሁሉም ላይ ያፈሳል። ተርብን የተዉትም ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ‹አንዷ ብትቀር ምን አለበት› ብለው ነው።»

«እንግዲያው ነብሩን ዛፍ አላስወጣውም። ያለ እሱ ደግሞ ድንጋዩ አይወርድልዎትም።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከቆሎው አነሱ። ሲናገሩ ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «እሺ። የድሮውን እናገራለሁ።»

«ይማሉልኝ።»

እጃቸውን በዘንጉ ላይ ጭነው ማሉላት፤ ዓይኗን ግን አላዩም። ከዚያ ተነስተው ተጓዙ።

ከረግረጉ በፊት ያለው የመጨረሻ ቤት በሩ ክፍት ነበር። ከደጃፉ ላይ ግንባሩ የሸበተ አሮጌ በሬ ቆሟል፤ ዋሪት ልታልፍ ስትል ቀንዱን ዝቅ አድርጎ ከለከላት። በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። አባትየው፣ እናትየውና ልጆቹ በየተቀመጡበት ሞተዋል፤ የሁሉም አንገት አብጧል። ከአጥሩ ውጪ ያሉ ጎረቤቶች በሹክሹክታ ነገሯቸው፤ ኦርጋዝ ሰው ልኮ ማር ጠይቆ ነበር፣ አባወራው «ዘንድሮ ለልጆቼም አልበቃኝም» አለ። በሬው የአባወራው አባት ነው። ለማረስ በሬ ሆኖ እንደወጣ ቀርቶ፣ ቤተሰቡ ከሞተ ወዲህ ማንንም አላስገባም፤ ለመቅበርም አላስቻለም።

አባ ኮርሜ ዘንጉን በትከሻቸው ላይ አስተካክለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቢናገሩ ይሻላት ነበር።

ዋርሳ የደረሱት ሊነጋጋ ሲል ነው። ሰዓቱን አባ ኮርሜ አስበው መረጡት፤ ተርብ ፀሐይ ሳይነካው ክንፉ አይታዘዝለትም። ሾላው ከረግረጉ መካከል ቆሟል፤ ግንዱ ከሥር እስከ ቅርንጫፍ በተርብ ቤት ተለብጦ አመድ መስሏል። ከውስጥ፣ እንደ ሩቅ ወፍጮ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማል። ከላይኛው ባላ ላይ የጥቁር ጨርቅ ጫፍ ይታያል። አባ ኮርሜ ዘንጉን በታችኛው ቅርንጫፍ ላይ አጋድመው አሰሩ፤ ሳህኑን አንጠለጠሉ።

ዋሪት ከነብሩ ጆሮ ሥር ተንበርክካ ወደ ጨርቁ ጠቆመች። «ያውልህ፣ ድምቡሼ።»

ነብሩ ለአፍታ ፊቷን አየና ወጣ። የተርቡ ቤት ከጥፍሩ ሥር እንደ ደረቅ ቅጠል እየተፈረፈረ ረገፈ። የጨርቁን ቋጠሮ በጥርሱ ሲይዝ ፀሐይዋ የዛፉን ራስ ነካች፤ የሩቁም ወፍጮ ቅርብ ሆነ። ሲወርድ ፊቱ አይታይም ነበር፣ ተርብ ሸፍኖታል። አልጮኸም፤ አፉን ቢከፍት ድንጋዩ ይወድቅ ነበርና። ቋጠሮውን ከዋሪት እግር ሥር ጣለ፤ ከዚያ ፊቱን ከጭቃው ውስጥ ቀበረ።

አባ ኮርሜ ድንጋዩን አንስተው ወደ ዘንጉ ዞሩ። «ስሚ ገርሜላ» ለማለት አፋቸውን ከፈቱ። አንዲት ተርብ ገባች። ሽማግሌው ተንበረከኩ። ጉሮሯቸውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ በሌላው ድንጋዩን ለዋሪት ገፉላት።

ተርቦቹም ከዛፉ ላይ ተነቅለው በአንድ ቦታ ተጠቀለሉ፤ ተጠቅልለውም አንድ ሰው ሆኑ፤ ለካ መንጋው ሁሉ ኦርጋዝ ነበር። ኦርጋዝ ቀጭን ነበር፤ ገና ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ይመስላል።

«አንቺ ልጅ፣ አትቸኩይ» አላት። «ሰውዬው ምን ሊሉ እንደነበር አላውቅም፤ አንቺ ግን ምን እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። የድሮውን ተናገሪ። ወንድምሽን እጁን ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ እኔም ወደ ቤቴ እገባለሁ። ማን ተጎዳ?»

«ከረግረጉ ወዲያ ያለው ቤትስ?»

«እነሱማ ማር ከለከሉኝ» አለ፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

ነብሩ ከጭቃው ተነሳ። ዓይኖቹ አብጠው ተዘግተዋል። እያሸተተ መጣ፤ መዳቡን በአፍንጫው ፈለገና የፊት እግሩን ከሳህኑ ላይ አሳረፈ፤ በሶሬት አደባባይ ሊመዘን በቆመ ቁጥር እንደሚያደርገው። ልማድ ይሁን ፈቃድ፣ ዋሪት እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አላወቀችም።

ድንጋዩን ሰቀለችው። ባናውን ከትከሻዋ ስባ ራሷንና ፊቷን ሸፈነች፤ በሱፉ ውስጥ የወንድሟ ሽታ ነበር። ከዚያ ውስጥ ሆና ተናገረች።

«ስሚ ገርሜላ። ከእንግዲህ ሥጋ በክብደቱ አይመዘን፤»

ኦርጋዝ ገባው። እንደ ቆመ ፈረሰ፤ ተርቦቹ በባናው ላይ እንደ በረዶ ወረዱ። በሱፉ ቀዳዳ እጇንና ግንባሯን ነደፏት፤ ድምፅዋን ግን አላገኙትም።

«ሥጋ በሚያደርሰው ጉዳት ይመዘን። ትልቁም ትንሹም፤ የሚሮጠውም የሚበረውም፤ ያለፈውም የሚመጣውም ጊዜ።» እዚህ ላይ ቆመች። አንድ ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ ለመናገር ከትንፋሽ አይከብድም። ዋጠችው። «በዚህ ሕግ ውስጥ ‹በቀር› የሚባል የለም።»

ዘንጉ አቃሰተ። ሳህኑ ከነነብሩ እግር እስከ መሬት ወረደ። በአየር ላይ የነበሩት ተርቦች ለአፍታ ባሉበት ቆሙ፤ ከዚያ አንድ የሚያደርጋቸው ሐሳብ ከመካከላቸው ወጣና እያንዳንዳቸው በየፊናቸው በረሩ። ከፊሎቹ ውሃ ውስጥ ወደቁ፤ ከፊሎቹ አበባ ፈለጉ። ልዑል ኦርጋዝ ዳግመኛ ሰው አልሆነም። ተርብም ከወቅቱ አያልፍም።

ዋሪት ፊቷን ገለጠች። አባ ኮርሜ ጎናቸውን ለግንዱ ሰጥተው ሞተዋል፤ ጥርሳቸው ተገልጧል። ከስቃይ ነው ሊባል ይችላል፤ እሷ ግን ስለ ሳቅ የማሉትን መሐላ አስታወሰች።

«ድምቡሼ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ነብሩ ራሱን ወደ ድምፁ አቀና። ጆሮው ተንቀሳቀሰ። የተነደፈ መዳፉን ሁለቴ ላሰና ወደ ቄጠማው ገባ፤ ቄጠማውም ከኋላው ተዘጋ።

በሶሬት በዚያ ሰሞን ከበሮ ተመታ። ርግቦች በየጣራው ላይ ሰው ሆነው ሰው አስቀውና አስለቅሰው ወረዱ፤ ሚዳቋዋም እንስራ ተሸክማ ከጉድጓዱ ቤቷ ገባች ይባላል። ያ አሮጌ በሬ ጎረቤቶቹ ሲጠሩት ሽማግሌ ሆኖ ከደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ ልጆቹንም ቀበረ። የዘፈኑ ግጥም ሁሉ የዋሪትን ስም ያነሳል። እሷ ግን አልሰማችውም፤ በአቋራጭ ወደ እማማ ጌራ መንደር እየሄደች ነበር።

መበለቲቱን ደጃፋቸው ላይ አገኘቻቸው። ሳህኑ ከፊታቸው ነው።

«ድንጋዩ ተሰቅሏል አሉ» አሉ እማማ ጌራ።

«ተሰቅሏል።»

«የጎረቤቴ ልጅ ገብታለች፤ ርግብ ነበረች። እኔ ስጠራ ዋልኩ።»

ዋሪት አልተቀመጠችም። «እማማ፣ ሕጉን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ጅብ እንደማይመለስ አውቄ ነው የተናገርኩት። አልረሳሁዎትም፤ አስታውሼዎት ነው።»

እማማ ጌራ ወደ አጥሩ ዞሩ። ከአጥሩ ማዶ ማንም አልነበረም።

«ወንድምሽስ?» አሉ በመጨረሻ።

ዋሪት የባናውን ጫፍ ጨበጠች። ሴትዮዋ በዚያ ሙቀት ከትከሻዋ ያልወረደውን ባና አዩት፤ ከተነደፈ እጇ ጋር አዩት። ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ቦታ ለቀቁላት።

«ተቀመጪ» አሉ። እሷ ስትቀመጥ እሳቸው ተነሱ፤ ከውስጥ ሌላ ሳህን ይዘው ወጡ። «የእኔው አጥንት ነው የሚበላው። ያንቺ ምን ይወዳል?»

«ጨው የነካው ነገር» አለች ዋሪት።

እማማ ጌራ ጨው ፍለጋ ተመልሰው ገቡ።